ከጠርሙሱ ግርጌ የቀረው

ለምወድሽ ለእትዬ ሹዪን፣

እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለቤትሽና ትንሿ ሜይስ ደህና ናቸው? እኔ እንደምንም አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። በስልክ ብነግርሽ እማዬ አጠገብሽ ሆና ትሰማለች ብዬ ነው መጻፌ።

ለጨረቃው አዲስ ዓመት ወደ ቤት አልመጣም። ያ አባዬ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ፀሐይ የሚጠጣ ቀለም ታበስላለች" እያለ ይኩራራበት የነበረው ፖሊመር፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ቀለም፣ ጠፋብኝ። ሌሎች ተመራማሪዎች የሚሠሩት በመርዛማ ፈሳሽ ካልሆነ አይሟሟም፤ ከታሸገ የመስታወት ሳጥን ውጭም አይነካም። የእኔ ግን በማይጎዳ ፈሳሽ ሟሙቶ፣ ደጅ አየር ላይ፣ እንደ ጋዜጣ ቀለም ይታተም ነበር። ኤሌክትሪክም ከሁሉም አብልጦ ይሰጥ ነበር። እንዲህ የሰመረልኝ ግን አንዴ ብቻ፣ አባዬ ሊሞት ሰሞን ያበሰልኩት ነው። ከቀብሩ ከተመለስኩ ወዲህ በዚያው መንገድ ደጋግሜ ብሠራው፣ አንዴ እንደ ጮማ ይረጋል፣ አንዴ እንደ ውሃ ይቀጥናል። ምኑ እንደተለወጠ ለማወቅ የቀረኝ ከድሮው ጋር ማስተያየት ነበር።

የድሮውም ከአንድ አሮጌ ጠርሙስ ግርጌ ተጣብቆ የቀረ ጥቁር ቅርፊት ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪው ለበዓሉ ሲጸዳ፣ ከእኔ በኋላ የገባችው ተማሪ ዚሃን ጠርሙሱን አጥባ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ አሮጌ ቆሻሻ ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ገድ የለውም ብዬ እኮ ነው" አለችኝ፣ የምመርቃት መስሏት። ምን ልበላት? እኛስ ያደግነው እንዲሁ አይደል? ደረጃው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

አማካሪዬ ፕሮፌሰር ታንግ አልተቆጡም። "ዳግመኛ ካልተሠራ፣ አልተሠራም ማለት ነው" ብቻ አሉ። እስከ ፀደይ ካልደገምኩት ሥራው ይዘጋል፤ የስንት ዓመት ልፋቴንም ውሃ በላው። ስለዚህ ሁሉም ወደ አገሩ ሲገባ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። የሚሳካልኝ አይመስለኝም፤ መሞከሬን ግን አልተውም።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሥራ በዝቶባት ነው በያት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ሜይንም የእኔን ድርሻ የሩዝ ኬክ ስጫትና ጉንጯን ሳሚልኝ።

አንቺም ሰሞኑን ቤቱን መጥረግሽ አይቀርም። አባዬ ማንም እንዳያጥብበት ይከለክል የነበረው የሻይ ኩባያ መስኮቱ ላይ አለ። ውስጡ ጠቁሯል። እባክሽ እትዬ፣ እሱን አትጠቢው።

እህትሽ ሊያንሁዋ
ጓንጆ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2019