የዋስ ስልክ ቁጥር

መስከረም 26
የንብ አርቢዎቹ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የምዝገባውን ክፍል ነካካሁ። ኢሜይል ካልሞላችሁ ይላል... እዚህ ማን ኢሜይል አለው? አጥፍቼ ስልክ ቁጥር አደረግኩት። ከሰዓት መብራት ሄደ። ወደ ቤት።

መስከረም 28
ንብ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ተመዝግቧል። አንዱ “የሰቆጣ ነጭ ማር” ብሎ የለጠፈው ፎቶ ቢጫ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ዓለምብርሃን ተናደዱ። ከእንግዲህ አዲስ የሚመዘገብ ሁሉ ከአባላት መካከል ዋስ ይጥራ አሉ። ማሩ ቅይጥ ሆኖ ከተገኘ ዋሱም አብሮ ይሰረዛል።
ድረ ገጽ በዋስ... ሰምቼ አላውቅም። ይሁን።

መስከረም 30
“የዋስ ስልክ ቁጥር” የሚል ሳጥን ጨመርኩ። ለዋሱ መልእክት ይሄዳል፤ “እሺ” ብሎ እስኪመልስ ምዝገባው አይጸድቅም። ጥሩ ሠራ። ማን ለማን ዋስ እንደሚሆን የኔ ጉዳይ አይደለም።

ጥቅምት 5
ሁሉም ጸደቀ ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ብቻ ተንጠልጥላለች፤ ውባንቺ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ። ዋስ ትቀያይራለች፣ የሚመልስላት የለም።

ጥቅምት 7
ወይዘሮ ውባንቺ ቢሮ ድረስ መጡ። የእናቴ እኩያ ናቸው።
“ኮምፒውተሩ ነው እንቢ ያለኝ ወይስ ሰዎቹ?”
ሰዎቹ ናቸው አልኳቸው። ምን ልበል?
በድርቁ ጊዜ ስኳር በጥብጠው ለንቦቹ ሲያቀርቡ ጎረቤት አይቷል። ከዚያ ወዲህ “የስኳር ማር” ይሏቸዋል። “ንቤ ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው ያበላሁት። ያኔ የጠጣው ስኳር ዘንድሮ ማር ውስጥ ምን ይሠራል?” አሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገዢ የሚያየው ድረ ገጹን ብቻ ነው። እዚያ ከሌሉ ማሩን ደላላ ባለው ዋጋ ይወስደዋል፤ ከቀፎ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።
እኔ ገጹን ብቻ ነው የምሠራው አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ለምኑ ነው ያመሰገኑኝ?

ጥቅምት 8
እውነታቸውን ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለ ማር ምን አውቄ።

ጥቅምት 11
አቶ ዓለምብርሃንን እርስዎ ዋስ ይሁኗቸው አልኳቸው። ሊቀመንበር ለአንዷ ከሆነ ለሁሉም ሊሆን ነው አሉ። ከዚያ ሳቁ።
“እየሩስ፣ ካዘንሽላት ራስሽ ሁኚያ።”
አባል አይደለሁም አልኳቸው።
“ተመዝገቢ። ላንቺ እኔ ዋስ ነኝ።”
ወደ ኋላ የምል መስሏቸው ነው። ተመዘገብኩ። የቀፎ ብዛት ሲለኝ ዜሮ ጻፍኩ፣ አልቀበልም አለ። ራሴ የሠራሁት! ዜሮም እንዲቀበል አስተካከልኩት። እናቴ ብትሰማ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ትለኛለች።

ጥቅምት 13
ለወይዘሮ ውባንቺ ደውዬ የኔን ቁጥር ያስገቡ አልኳቸው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።
መልእክቱ መጣልኝ። “ማሩ ቅይጥ ሆኖ ከተገኘ አብረው ይሰረዛሉ። ከተስማሙ እሺ ብለው ይመልሱ።” የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው እንዲህ አይከብድም ነበር። ብሰረዝ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። ፈራሁ።
እሺ ብዬ ላክሁ።

ጥቅምት 17
ማር ሲቆረጥ ልይ ብዬ ሄድኩ። ወይዘሮ ውባንቺ ነጠላቸውን አከናነቡኝ፤ እሱም አላዳነኝም፣ ከንፈሬ አብጧል።
ማሩ ነጭ ነው። ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፤ ንጹሕ ይሁን ቅይጥ ግን ምላሴ አይለይም። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን እያዩ እንዴት ነው አሉኝ።
“ማራችን ጥሩ ነው” አልኳቸው።
“ማራችን” ማለቴን የሰማሁት ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው።