ለአባዬ የተገዛው ሄሊኮፕተር

ሰኞ፣ ጥር 26
ካንተ ጠረጴዛ ላይ

ወንድምዓለም፣

አባዬ ዛሬ ሥራ ገባ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ ከማለቴ በፊት ይቺን ልንገርህ ብዬ ነው፤ አንተም ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር። አዎ፣ ክሬኑ ላይ ወጣ። አዎ፣ በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው፤ ማንም አልገፋውም። እማዬ ምሳውን ስትቋጥርለት እጇ እየተንቀጠቀጠ የሳህኑ ክዳን አልገጥም አላት። የሱ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ከእጇ ወስዶ ገጠመው። ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እመነኝ።

አሁን ያለሁት አንተ ክፍል ውስጥ ነው። "ማን ግባ አለህ?" እንዳትለኝ፣ በሩን የከፈተው አባዬ ራሱ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከመዳፌ ብዙም በማትበልጥ መጫወቻ ሄሊኮፕተር ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልህ።

አንተን ቀብረን ስንመለስ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሲያልቅ አባዬ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወጣ፤ እኛም ሥራው ያጽናናዋል ብለን ነበር። ምሳ ሳይደርስ ተመለሰ። የሆነውን የነገረን እሱ ሳይሆን ፎርማኑ ነው፤ ያ ድምፀ ወፍራሙ፣ አንተ "ሜጋፎን" የምትለው። አባዬ መሰላሉን ወጥቶ፣ ካቢኑ ውስጥ ገብቶ፣ እጁን ማንሻዎቹ ላይ ሲያሳርፍ እጁ አልታዘዝ አለው። ከታች ሰዎቹ ብረቱን አስረው "አንሳ" ብለው ምልክት ይሰጡታል፤ እሱ ከላይ የገዛ እጁን ያያል። ከዚያ ምንም ሳያነሳ ወረደና "በዚህ እጅ ሰው ራስ ላይ ብረት አላሳልፍም" ብሎ ሄደ። ሜጋፎን ይህን ሲነግረን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ድምፁን ቀነሰ።

በቦታው ሌላ ሰው ተተካ። ሜጋፎን የቻለውን ያህል ጠብቆለት ነበር፤ በመጨረሻ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ መጥቶ ካልተፈተነ ክሬኑ ለተተካው ሰው እንደሚጸና፣ አባዬም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚዛወር ነገረን። አባዬ "ግምጃ ቤትም ሥራ ነው" አለ። እኔ ግን አባዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሚስማር ሲያድል ሊታየኝ አልቻለም።

ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ነበር የሚውለው። ከዚያ መስኮት የክሬኑ ክንድ ከጣሪያዎቹ በላይ እንደሚታይ ታውቃለህ። ሲዞር ያየዋል። አንዳንዴ ለራሱ "ፈጠነ" ይላል፤ የተተካውን ሰውዬ መሆኑ ነው። ሻዩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣል። እማዬ ወደ ልብስ ስፌቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትልና "አባትህ ጋ ሁን" ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። ትምህርቴ ከሰዓት ስለሆነ ምሳ ላይ ስትመጣ እንቀያየራለን። ጠዋት ጠዋት እሱ መስኮቱን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ተቀምጠን፣ "የልጁ ሄሊኮፕተር ባትሪ ሳይሞት አይቀርም" አለ። "ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይሞታል።"

ከቀብርህ ወዲህ ስላንተ የተነፈሰው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር። ሜዳ ላይ ሄሊኮፕተርህን ስታበርር እንዴት ያሾፍብህ እንደነበር ትዝ አለኝ። "እኔ ብረት ስሸከም እውላለሁ፣ ልጄ ዝንብ ያባርራል" ይልሃል። አንተ "ና እስቲ አንተ አብርራት" ስትለው ወደ ክሬኑ እየጠቆመ "ከዚያ ስወርድ" ይልሃል። ሁልጊዜ እንደዚያው ነበር።

ስለዚህ ላንተ የገባውን ቃል ቤቱ ድረስ ላመጣለት አሰብኩ። ያንተን ትልቁን ማውጣት አይሆንም፤ አባዬ ከቤት አይወጣም፣ ትልቁ ሄሊኮፕተር ደግሞ ሳሎን ውስጥ ቢነሳ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነው የሚያወርደው። ቤት ውስጥ የሚበር ትንሽ ልገዛ አንድ ቅዳሜ እማዬን አስጠብቄ ሱቅ ሄድኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ እጄ የገባው ቀይ፣ ላዩ ላይ አንድ ክንፍ፣ ጭራው ላይ ትንሽ ክንፍ ያለው፣ ልክ ያንተን የሚመስል ነበር። ያንተን ስለሚመስል ብቻ ነው የያዝኩት። ሻጩም ምርጫዬን አደነቀልኝ፤ እሱ ያልገዛሁትን ሁሉ የሚያደንቅ ሰው ነው። ልከፍል ስል ነርሷ ትዝ አለችኝ። ሆስፒታል ሳለህ ለልጇ የትኛውን እንደምትገዛ የጠየቀችህ። ግሉኮሱ እጅህ ላይ ተሰክቶ በሁለት እጅህ የክንፎቹን አዟዟር ስታሳያት ቱቦው ሊነቀል ምንም አልቀረውም ነበር። "የሚያምረውን አትግዢለት፣ የሚታገሠውን ግዢለት" አልካት። አንድ ክንፍ ያለው ትንሽ ስህተት አያሳልፍም፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ክንፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚዞርለት ግን መሪውን ቢለቁትም ባለበት ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል።

ቀዩን መለስኩት። ሻጩ ቅር እያለው ባለ ደርብ ክንፎቹን አወጣልኝ። አንደኛዋ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ናት፤ በረረች ሲሏት መብራቱ ላይ ናት። ሁለተኛዋ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በብርሃን የምትታዘዝ። ሻጩ እሷን ሊሸጥልኝ ብዙ ደከመ፤ እኔ ግን አባዬ የሚቀመጥበት መስኮት ጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት፣ ፀሐይ ሲመታት ትዕዛዝ እንደማትሰማ ነገርኩት። ሦስተኛዋ በሬዲዮ ነው፤ መጠኗ መዳፍ የምታህል፣ ሳጥኗ ውስጥም ትርፍ ክንፍ አላት። "ይቺን" አልኩት።

"ለታናሽህ ነው?" አለኝ ሲጠቀልላት።

"ለአባቴ።"

ሳጥኑን ገልብጦ አየ። "ከስምንት ዓመት በላይ ይላል። ይሆነዋል።"

እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ፤ ከዚያ አንተ ያልሰማኸው ሳቅ መሆኑ ትዝ ሲለኝ በሩ ጋ ቆምኩ።

እንዴት አድርጌ እንደምሰጠው መንገዱን ሙሉ ሳሰላ ነበር፤ ስገባ ሁሉም ጠፋኝ። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩና "ላንተ ነው" አልኩት።

"ለኔ?"

"ከዚያ ስወርድ ብለኸው ነበር። ይኸው ወርደሃል።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ ሳጥኑ ላይ ያረፈ እጁን ነው ያየሁት። ይንቀጠቀጣል። ከዚያ "ሪሞቱን ስጠኝ" አለ።

መስኮቱን ዘጋሁ፣ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ የእማዬን የአበባ ማስቀመጫ አልጋ ሥር ደበቅኩ። ሄሊኮፕተሯን ምንጣፉ መሃል አስቀመጥኳት። አሁን የምነግርህን ብታይ ኖሮ በሳቅ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። "ግፋው" ስለው ትንሽ ከፍ አደረጋት። ልክ እንዳልከው እጁ ቢንቀጠቀጥም እሷ ታገሠችው፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሊያወርዳት ፈለገና ሽቅብ ተፈተለከች፤ ጣሪያውን መታችና ሶፋው ላይ ወደቀች። አሁንም አነሳት፣ አሁንም ላውርድ ሲል ጣሪያው ላይ። "ወደ ራስህ ሳበው አባዬ!" እለዋለሁ፤ "ስስበው እኮ ነው የሚነሳው!" ይለኛል።

ለካስ ክሬኑ ላይ ማንሻው ወደ ራስ ሲሳብ ነው ጭነቱ የሚነሳው፤ ሲገፋ ይወርዳል። የኛዋ ደግሞ በተቃራኒው ናት፣ ሲገፏት ትነሳለች። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ነው ሲያደርግ የኖረው። እኔ ይህን ሁሉ አመዛዝኜ ስመርጥ ለጀማሪ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን ጀማሪ አልነበረም።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከን የተሰበረ ክንፍ እንፈልጋለን። ጣሪያውን አየች፤ እንደ ድመት ጥፍር የተጫረ ነገር አለ። አባዬ ከጠረጴዛው ሥር "ልጅሽ ነው ያመጣብኝ" አለ። ጣሪያው የተቀባው ባለፈው ዓመት መሆኑን፣ ቀቢውንም ደጅ ጠንታ እንዳመጣችው እየተናገረች ወደ ኩሽና ገባችና ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

"ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ" አልኩት፣ አዲሱን ክንፍ እየገጠምኩ።

"አልለምድም" አለ። ሪሞቱን እያገላበጠ ያየዋል። "ይህን እጄ ከለመደው እዚያ ላይ ሰው እገድላለሁ።"

ኩሽና ውስጥ ውሃው ቆመ። እኔም መፍቻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወንድምዓለም፣ እዚያ ላይ አለ። ሊመለስ እንደሚያስብ ሰው። ያለውን እሱ ራሱ የሰማው አልመሰለኝም፤ ሪሞቱን አዙሮ፣ አናቱን ወደ ሆዱ አድርጎ ገልብጦ ያዘው። እንደዚያ ሲይዘው መሳብ ማንሳት ይሆናል። ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ እሱን ግን ግድ አልሰጠውም። ወደ ራሱ ሳበ፤ ተነሳች። ገፋ፤ ምንጣፉ ላይ እንደ ላባ አረፈች። እማዬ እጇ እንደራሰ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ስለ ጣሪያው ሁለተኛ አላነሳችም።

ሳሎኑ ብዙም አልተመቸንም፤ ዕቃው በዝቶ ከኩሽናም ነፋስ ይገባል። አንድ ጠዋት አባዬ ሄሊኮፕተሯን ይዞ ወደ ክፍልህ ሄደና እጀታው ላይ እጁን አድርጎ ትንሽ ቆመ። "እዚህ ነፋስ የለም" አለና ገባ። እኔ ተከተልኩት። ጫማህ ያው ቦታው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚህ ነበርን። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያሳርፋታል፣ ኋላ ወንበርህ ላይ፣ ከዚያ መጽሐፍህ ላይ። ሻዩን በአንድ እጁ መያዝ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ናት በዓይኗ ያሳየችኝ።

ዓርብ ሄዶ ተፈተነ። ሜጋፎን አፉ ድረስ ውሃ የሞላ በርሜል አንስተህ፣ አዙረህ፣ መሬት ላይ የተሰመረ ክብ ውስጥ አስቀምጥ አለው። እማዬና እኔ መስኮቱ ሥር ቆመን የክሬኑን ክንድ እያየን ነበር። ዞረ። በቀስታ ዞረ። እማዬ "አልፈጠነም" አለች። ማታ አባዬ ገብቶ ጫማውን እየፈታ "ትንሽ ፈሰሰ" አለን። "ነፋስ ነበረ።" ሜጋፎን ግን ስልክ ደውሎ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ነው ያስቀመጠው ብሎ ጮኸ። ሁላችንም በደንብ የበላነው የዚያን ማታ ነው።

ዛሬ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ።

"ጩጬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘበኝነቱ ቀርቶልሃል።"

ያውቅ ነበር ማለት ነው። ራሱን ነቅንቆ ደረጃውን ወረደ። እማዬ ቀድማው ወጥታ ነበር፤ "አባትህ ጋ ሁን" የምትለኝ አጥታ በሩ ላይ ትንሽ ግራ ገብቷት እንደነበር ልንገርህ፤ በመጨረሻ "እንግዲህ ቁርስህን ብላ" ብላኝ ሄደች።

ብቻዬን ስሆን መጀመሪያ አባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የክሬኑ ክንድ እስኪዞር ጠበቅኩ፤ ዞረ። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝ። ሲኒዎቹን አጠብኩ፣ የታጠቡትንም ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ ሄሊኮፕተሯን ይዤ ወደዚህ መጣሁ፤ በሩን ዘጋሁ፣ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሪሞቱን በትክክለኛው በኩል ይዤ አንተ ተቀምጠህ ቢሆን ዓይንህ የሚሆንበት ቁመት ድረስ አነሳኋትና መሪውን ለቀቅኩት። ባለችበት ቆመች። እንደ ንብ እየጮኸች ባትሪዋ እስኪያልቅ ድረስ ክፍልህ መሃል ቆመች፤ እኔም ማንንም መጠበቅ ስላልነበረብኝ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ተራው አልደረሰኝም ነበር። ስታርፍ አልጋህ ላይ ነው ያረፈችው፣ ትራስህ አጠገብ፤ እኔም አጠገቧ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ስነሳ ፊቴን ታጠብኩ፣ መስኮትህን ከፈትኩ፣ ባትሪዋን ቻርጅ ላይ ሰካሁ። አባዬ ሲገባ ይፈልጋታል።

ያለህበት ነፋስ የማይበዛበት፣ ማረፊያውም ለስላሳ ይሁንልህ፤

ጩጬህ