ሞተሩ ሳይቀመጥ ያጠበቅሁት ብሎን

ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? እማዬስ ደህና ናት? እህቴስ፣ አክስቴስ፣ አጎቴስ? ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይባላል፤ ናፍቆቱ እንዲህ ከጸና ግን ምኑን ደህና ተሆነ።

ባለፈው ወር በስልክ «ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ጋራዡን ላንተ ላቆይልህ ወይስ ለእህትህ ላስረክባት? ቁርጡን ንገረኝ» ሲሉኝ፣ ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁብዎት። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ መልሱ ነው የጠፋኝ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ መልሱን እጽፍልዎታለሁ፤ እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ ግን ይታገሡኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እዚህ በሰው አገር ወደምሠራበት ጋራዥ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሟች ባለቤታቸውን መኪና ይዘው መጡ። መኪናዋ በዕድሜ ታስከነዳኛለች። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከሥር «ጓ!» ትላለች። ኮፈኑን ብከፍት በግራ በኩል ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ ተበጥሷል፣ ጎማውን ያቀፈው ብረትም ተሰንጥቋል። አዲስ መያዣ ባስስ ባስስ አጣሁ፤ ዕቃ ሻጩ «እሱማ ከአያቴ ጋር ተቀበረ» ብሎ አሾፈብኝ። ስለዚህ ሞተሩን ከሥር በክሪክ አንሥቼ ብረቱን ፈታሁና ስንጥቁን በየድኩት፤ ዳግም እንዳይከዳ ከጀርባው ወፍራም ላሜራ ደረብኩበት። ከሌላ መኪና ያገኘሁትን ጎማም ሞርጄ ገጠምኩለት። በብየዳው እንኳን አያፍሩብኝም ነበር።

ሆዴ የባባው ሙከራው ላይ ነው። እኛ ቤት እህቴ መሪው ላይ ሆና ነዳጅ ትሰጣለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚዘል አያለሁ። እዚህ ሁሉም በየመኪናው፣ ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሠራው። እኔ ሞኙ ረስቼው፣ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበስኩ «ስጪው!» ብዬ ጮህኩ። መሪው ላይ ማን አለና! አጠገቤ የሚሠራው ሰውዬ የጆሮ መድፈኛውን አንስቶ ገላመጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ስልኬን ባትሪው ላይ አቁሜ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ራሴ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ወርጄም ራሴው አየሁት። ሞተሩ አልዘለለም። «እሰይ» የሚለኝ ሰው ማጣት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አስተማሪዋ ተመልሰው መጡ። ጓ ማለቷ ቀርቷል፤ አሁን ግን ቆማ እንኳ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥርሴን ልታወልቀው ነው አሉኝ። ሁለት ቀን ብፈትሽ ምንም አላገኘሁም። ሲጨንቀኝ ቪዲዮውን ለእህቴ ላክሁላት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መለሰችልኝ፤ «ጋሼ፣ ጎማው ተጣሞ አይታይህም? ሞተሩን በክሪክ እንዳንጠለጠልክ ነው ብሎኑን ያጠበቅከው። አባባ ቢሰማ ጉድህ ፈላ!»

እውነቷን ነው። «መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ቀጥሎ ይጠበቅ» እያሉ ስንት ዓመት የለፈለፉት ለእኔ ነበር፤ ለካ ጆሮ የሰጠችው እሷ ኖራለች። ሞተሩን እንደገና በክሪክ ደግፌ ብሎኖቹን አላላሁ፤ ከዚያ ክሪኩን አወጣሁ። ሞተሩ ክብደቱን ጎማው ላይ ጥሎ ጥቂት ከሠራ በኋላ መልሼ አጠበቅሁ። አስተማሪዋ ነድተው ሞከሯት፤ መሪውን ደባብሰው ይዘዋት ሄዱ።

አባባ፣ ጋራዡን ለእሷ ያስረክቧት። የበኩር ልጅ ነኝ ብዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ቦታዋን ይዤባት ኖርኩ። እሷም ይሉኝታ ይዟት አልጠየቀችም። ለእኔማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አልዋሽዎትም፣ ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። እዚህ በከፋኝ ቁጥር «ግድ የለም፣ ጋራዡ ይጠብቀኛል» እያልኩ ነበር የምጽናናው። ከእንግዲህ እንደዚያ አልልም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። አክስቴን እንደከሳሁ ሳይነግሯት ሰላም ይበሉልኝ። አጎቴን፣ አገባ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ በፊት «ገና ነው» ይበሉልኝ። እህቴን ለብቻዋ ይሳሙልኝ። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ «ባለቤቱ የለም ወይ?» ባለ ቁጥር «ወንድሜ ውጭ አገር ነው» ስትል ኖራለች። ከነገ ጀምሮ «እኔ ነኝ» ትበል።

አክባሪ ልጅዎ

ከምሠራበት ጋራዥ ፎቅ ላይ ካለችው አንድ ክፍል ቤቴ
ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.