ከኮርማው ቀጥሎ

አሶጅ 2
በማሰሮ በዘይትና በቅመም ለሚዘፈዘፈው አቻሬ ቃሪያ ስከትፍ ዋልኩ። ዓይኔን ሳላሽ መዋሌ ነው ጀግንነቴ። ማታ የሆቴሉ ዕቃ ገዢ መጣ። ለዳሻይን በዓል ያለኝን አቻር በሙሉ ይወስዳል... "ግን እትዬ፣ የምንከፍለው በሱቁ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። እስከ አሶጅ ወር አሥራ አምስት ካልሆነ ሌላ እንፈልጋለን።" ይህ ትዕዛዝ ካመለጠኝ ሱቁን መዝጋቴ ነው። ሂሳብ መክፈት ደግሞ ምን ሥራ አለው?

አሶጅ 4
ሥራ አለው። የባንኩ ጸሐፊ ኡፔንድራ በጣቱ ቆጠረልኝ። የንግድ ፈቃድ። የግብር ቁጥር። የኪራይ ውል። የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ባለትዳር ስለሆንኩም የአማቴ ስም።
"አማቴ እኮ አቻሬን አይወዱትም።"
"ስማቸውን እንጂ አስተያየታቸውን አልጠየቅንም እትዬ።"
በዚህ መች በቃ... ሱቁ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ፣ በእጅ የተሣለ ካርታ።

አሶጅ 5
የከተማችን የፓታን ጓሮ መንገድ ስም የለው፣ ቁጥር የለው። ምን ልሣል? ባሌ ራቢን "ኮርማውን ሣዪው በቃ" አለ። እውነቱን ነው። ያ ባለቤት የሌለው ጥቁር ኮርማ ከደጃፌ ተነስቶ አያውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ "ከኮርማው ቀጥሎ ያለችው" ነው የሚለኝ። ቀንድ አወጣሁለት። ጭራውም አምሮበታል።

አሶጅ 6
ኡፔንድራ ካርታውን አገላብጦ አየ።
"ኮርማው ቋሚ ነው?"
"ከኔ ይልቅ። እሱ ኪራይ እንኳ አይጠየቅም።"
ማኅተም አሳረፈበት። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቦታውን ከካርታው ጋር ያመሳክራል አለ።

አሶጅ 9
ኮርማው ሄደ። ምን አስቀየምኩት? ትንሽ ወርዶ በጸጉር ቆራጩ በቢርማን በር ላይ ተጋደመ። ተቆጣጣሪው ካርታውን ይዞ መጣ፣ ኮርማውን አገኘ፣ ጻፈ፦ "ከኮርማው ቀጥሎ አቻር የለም። ጸጉር ይቆረጣል።"
ባንክ ሮጥኩ። ካርታውን ላርመው?
"ማኅተም ያረፈበት አይነካም" አለ ኡፔንድራ። "እንደ አዲስ ማመልከት ደግሞ ወር ይፈጃል። ኮርማው ግን ማኅተም የለበትም። እሱን ያንቀሳቅሱት።"
ተቆጣጣሪው አሥራ ሦስት ላይ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አይመጣም።

አሶጅ 11
ጎመን አሳየሁት። በላ። ሙዝ ጨመርኩ። በላና አንቀላፋ። ኮርማ እኛ ዘንድ ቅዱስ ነው፣ መምታት ኃጢአት ነው፤ ራቢን ከኋላው ሆኖ ለመነው። ቢርማን በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።
"ተዪው እንጂ እህቴ። እሱ ከመጣ ወዲህ ገበያ ደርቶልኛል። አንቺን ፍለጋ የመጣ ሁሉ ተላጭቶ ይሄዳል።"
...አንቺን ፍለጋ የመጣ ሁሉ?

አሶጅ 13
ንጋት ላይ ማሰሮዎቹን ወደ ቢርማን ቤት አጋዝን። ሎሚው ከምላጩ ጎን፣ ቃሪያው ከመስታወቱ ሥር። ተቆጣጣሪው ኮርማውን ተራምዶ ገባ። የኪራይ ውሌ የሌላ ቤት መሆኑን ያያል ብዬ ፈርቼ ነበር... ውል ማየት የሱ ክፍል ሥራ አይደለም። ካርታውን አየ፣ ማሰሮውን አየ።
"ፊቱ ላይ አረፋ ያለው ይኼ ሰውዬስ?"
"አቻር እየጠበቀ ነው።"
ባለ አረፋው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጢሙ ግማሹ ብቻ ተላጭቷል።
"ትክክል" ብሎ ፈረመ።

አሶጅ 15
ሂሳቡ ተከፈተ። ሆቴሉ ከፈለ። ሱቁ አይዘጋም። ኡፔንድራ ሲሸኘኝ "ተቆጣጣሪ ሳያስጠነቅቅ ሊመጣ ይችላል፤ አድራሻዎን እንዳይለቁ" አለ።

አሶጅ 20
ጠዋት በሩን ከፍቼ ኮርማውን ፍለጋ መንገዱን ላይ ታች አየሁ። ራቢን የመጀመሪያውን ማሰሮ ታቅፎ ቆሟል።
"ዛሬ የት ነን?"
"ወርቅ ሠሪዋ ዘንድ።"
ሚዛኗን ገፋ አድርጋ ቦታ እየለቀቀችልን ነው።