በመጫወቻ መዝገብዎ ስለተመሰከረብኝ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለተከበሩ የወጣቶች ማዕከላችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ድምፅዎስ? እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ይህንንም ሁለቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ስለዚህ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፍልዎ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

1. ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥልጠና ሳመለክት፣ ማመልከቻዬን ማንበብ ትተው በልጅነታችን ከማዕከሉ መጫወቻ የተዋስንበትን መዝገብ ስላገላበጡልኝ አመሰግናለሁ። በስሜ ትይዩ አሥራ አንድ ጊዜ «አሻንጉሊት» ስለሚል፣ «ይህች ልጅ የማሽን ፍላጎት የላትም» ብለው ሰረዙኝ።

2. ባለባትሪ መኪኖቹና መገጣጠሚያዎቹ ያሉበትን መደርደሪያ «የወንዶች» ብለው በእጅዎ የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? በእኛ በኩል አሻንጉሊትና ማበጠሪያ ብቻ ነበር። አንዴ እጄን ወደዚያኛው ስሰድ «ተይ የኔ እናት፣ ያቆሽሽሻል» ብለው ለቀሚሴ መጨነቅዎን አልረሳሁም።

አሥራ አንዱንም ጊዜ የተዋስኩት ያችኑ አልቃሻ አሻንጉሊት ነው። ጀርባዋን በቢላዋ ጫፍ እየፈታሁ ልቅሶዋ ከየት እንደሚመጣ ሳይ፣ የተበጠሰ ሽቦዋን ስቀጥል ሰንብቼ እመልሳት ነበር። መዝገብዎ «በደህና ተመልሷል» ይላል፤ ስለ ምስክርነቱ አመሰግናለሁ።

3. የድምፅ ማጉያዎ በተበላሸ ቁጥር ወንድሜ ተሸክሞት ይመጣል፣ እኔ እጠግነዋለሁ፣ እርስዎ የእሱን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ «የኛ ኢንጂነር!» ይሉታል። «ኧረ እህቴ ናት የሠራችው» ቢልዎ «አንተ ቀልደኛ!» ብለው ሆድዎን ይዘው ሳቁ። ሳያመለክት ስሙን ከሠልጣኞች ዝርዝር አናት ላይ ጻፉለት። እሱ እኮ አምፖል ለመቀየር እንኳ እኔን ነው የሚጠራው።

ለሴት ልጆች ቀሚስ ንጽሕና ያሳዩትን አሳቢነት እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው፣
የኢንጂነሩ እህት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ነገ ሥልጠናውን በንግግር የሚከፍቱበት ማጉያ ተጠግኖ ዛሬ ከሰዓት ተመልሶልዎታል። ያለ እሱ ድምፅ የማያወጣበት ፊውዙ ግን ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ መድረክ ላይ ሲወጡ ይህን ደብዳቤ ለጥፌ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። «ኢንጂነሩ የት አለ?» ብለው ሲጣሩ ወንድሜ መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ይጠቁምዎታል። የሠልጣኞቹን ዝርዝር ይዘው ይምጡ፤ ስሜ ሲጻፍ ካየሁ በኋላ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ፊውዙን እገጥመዋለሁ። እስከዚያ ግን ሰው ፊት ቆሞ ድምፅ ማጣት ምን እንደሚመስል ትንሽ ይቅመሱት።