የዒድ ቀሚስ ለጭቃ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ጨጓራዬን ልጠውት ሄዱ። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ጭቃ እያቦኩ፣ በቡና ገለባ ላይ እየተንከባለሉ ይጫወቱ ብዬ ጊንጆ ሰፈር ያለውን ግቢዬን ከፈትኩላቸው። አሮጌ ልብስ አልብሷቸው ብዬ እናቶቹን አንድ በአንድ ለምኛለሁ። ምን ዋጋ አለው! ፕሮግራም የተባለ ነገር ሁሉ ሠርግ ይመስላቸዋል፤ የዒድ ልብስ አልብሰው መጡ።

የዘይነባ ግን ባሰ። ልጇን ነጭ በነጭ አድርጋ አመጣቻት።

«ምነው ዘይነባ?» ብላት፣

«ወላሂ፣ ሰው ፊት አሮጌ አልብሼ አላቀርባትም! ምን ይሉኛል?»

ልጅቷ እጇን በዘረጋች ቁጥር «ተይ፣ ቆሻሻ ነው!» እያለች ትመታታለች። ቆሻሻ! ቀዩን አፈር በወንፊት ነፍቼ፣ ጠጠሩን በጣቴ ለቅሜ ያቦካሁት እኮ እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ የጭቃው ሳፋ አጠገብ አቁማ ፎቶ ታነሳታለች።

ፎቶዎቹን ስትመርጥ ልጅቷ ቀስ ብላ መዳፎቿን ጭቃው ውስጥ ነከረች። የጠራችው ባጃጅ በር ላይ ሲደርስ ዘይነባ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ብድግ አድርጋ አቀፈቻትና ወጣች። ክሬም አባያዋ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀያይ መዳፎች ታትመዋል።

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። እኔም አየኋት። በዓይኔ ጠቀስኳትና በሩን ዘጋሁ።