የኔታ የሚናገሩበት ጠረጴዛ

ሰኞ

ጠረጴዛው ዛሬም «በ» ሲቀመጥበት «ለ» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ። ደሳለኝማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን ንድድ አልሁ።

ሰይድን አስጠራሁት። ሰይድ እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ፣ ገበያው ዳር ስልክ ይጠግናል፤ የጠረጴዛውን ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። ልጁ ሐያትም እኔ ጋ ዜሮ ክፍል ትማራለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከእንጨት የተቀረጹ ፊደሎች አሉን፣ ሥራቸው ላይ ትንሽ መለያ ተለጥፏል። ልጁ ፊደሉን መሐል ካለው ክብ ላይ ሲያኖር ጠረጴዛው መለያውን አንብቦ ፊደሉን ይጠራል። ማለትም መጥራት ነበረበት። ሰይድ ሁለቱን እንጨቶች ገልብጦ አየና «ሽቦው ምን በደለ መምህር? መለያውን አቀያይረሽ የለጠፍሽው አንች» አለኝ። እውነቱን ነው። ነቅዬ በየቦታቸው መለስኋቸው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡብኝ እነሱው ልጆቹ ናቸው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርዱታል። «መ»ን ብቻዋን ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ከመጀመሪያው ካልተነሱ አያገኟትም። በእጃቸው ቢይዟት፣ ቢያገላብጧት ይለዩአታል ብዬ ነው ጠረጴዛውን ያሠራሁት።

አርብ ርዕሰ መምህሩ ለገበያ የሚመጡትን ወላጆች ጠርተው ሊያሳዩ ነው። ካልሠራ ጠረጴዛው ግምጃ ቤት ገብቶ በቦታው ዴስክ ይደረደራል። የደረሱልን ሰባት ፊደሎች ናቸው። ድምፅ ደግሞ የለንም፤ የእኔ በስፒከሩ ሲወጣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል።

አባዬን ልጠይቃቸው ይሆን?

ማክሰኞ

ጠየቅኋቸው፣ እሽ አሉ!

አባዬ ዕድሜ ልካቸውን ፊደል ያስተማሩ የኔታ ናቸው። ዘንድሮ ዜሮ ክፍል ሲከፈት ተማሪዎቻቸው ሁሉ ጥለዋቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ወደ እኔ ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ያስተምሩበት ከነበረው ቦታ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ተነሥተው ይመጣሉ። ድምፃቸውን የፈለግሁት ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ከልጆቹ ጋር መልሼ ላገናኛቸው ነው። ለሰው አልተናገርሁም፣ እዚህ ይቀመጥልኝ።

የቀዳነው ሰይድ ሱቅ ውስጥ ነው። አባዬ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስልኩን አፍጥጠው እያዩ «ሀ በል!» አሉት። ከዚያ መልሱን ጠበቁ።

ሰይድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «የኔታ፣ እሱ አይመልስም። እርስዎ ብቻ ይበሉ» አላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ላገኙት ሰው ሁሉ «ድምፄን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ» ይላሉ። «እኔ አልሰማሁም» የሚል እንዳይኖር ሦስቴ ቆመን ነው ቤት የደረስነው። እንዲህ ደስ ሲላቸው ካየኋቸው ቆየሁ።

ረቡዕ

ጉድ ሆንሁ።

ደሳለኝ «ሀ»ን አኖረ። ጠረጴዛው በአባዬ ድምፅ «ሀ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ብድግ! እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ሥር አየ፣ ከዚያ ከሁሉም ራቅ ብሎ ግድግዳ ተጠጋ። አምና ሁሉም የአባዬ ተማሪዎች ነበሩ፣ እንዴት ይህን አላሰብሁም?

አስቀመጥኋቸው። እንደገና ሞከርን። እንደገና ብድግ። ከዚያ በኋላ እንጨቶቹን የሚነካ ጠፋ። ሐያት ብቻ፣ የኔታ ጋ ስላልተማረች፣ ምንም አልመሰላትም። «ሀ»ን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። ባስቀመጠች ቁጥር ሌሎቹ ይነሣሉ። «ሐያትዬ፣ ተይ በናትሽ፣ የኔታ ይቆጣሉ!» ብለው ለመኗት። እሷ ጭራሽ ጨዋታ አደረገችው።

ሰይድ ነገሩን ሲሰማ «ቀላል ነው፣ የሐያትን ድምፅ እንጫንበት» አለ። በሽቦው በኩል ቀላል ነው። በእኔ በኩል ግን ተማሪዎቻቸውን ወስጄ፣ አሁን ደግሞ ድምፅዎ አያስፈልግም ልላቸው ነው።

ቤት ስገባ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጆቹ ምን አሉ?»

«ደስ አላቸው» አልሁ። ዓይናቸውን ሳላይ ጓዳ ገባሁ።

ሐሙስ

ከሥራ በፊት አወጣሁት። ሁሉንም ነገርኋቸው፣ የትናንቱን ውሸቴንም ጭምር። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ፦

«ተነሡ?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«ሁሉም?»

«ከሐያት በቀር ሁሉም።»

አቀርቅረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁት፣ ሊደብቁኝ ቢሞክሩም። ከዚያ እንደ ተማሪ ይጠይቁኝ ጀመር። «ማን ይቀድማል፣ የልጁ እጅ ወይስ የእኔ ድምፅ?» «የልጁ እጅ» አልኋቸው።

«በይ እንግዲያ! ነክቶ ሳለ ስጮኽበት የማይነኩትን የነካ መስሎት ነዋ። እኔን አስቀድሚ። ስጠራቸው ይቆማሉ፣ ለመላላክ ግን ማን ይቀድማቸዋል! ‹መ›ን አምጡልኝ ልበላቸው።»

የእሳቸውን ልጆች እኔ ላስተምራቸው ተነሥቼ ይህን አለማወቄ! ሳምኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጣልን። አሁን ቁልፍ ስጫን ጠረጴዛው መጀመሪያ ይጠራል፣ ልጆቹ ያመጣሉ። ትክክል ከሆነ «እሰይ፣ ተባረኩ!» ይላል። ለተሳሳተ ምን እንደሚሉ አባዬን ስጠይቃቸው «ቆዩ፣ እንደገና እዩ» ብለው ቀዱልን።

«እኔን ሲያስተምሩኝ እንዲህ አይሉም ነበር» አልኋቸው።

«አንችንማ ጆሮሽን ነበር የምይዝ። ጠረጴዛው እጅ የለውም።»

ሰይድ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ስጋቶቼ፦ መብራት ጠፍቷል። ባትሪው ግማሽ ነው። በልጆቹ አልሞከርነውም። ነገም ብድግ ብለው ከቀሩ አለቀልኝ።

አርብ

መብራት ማለዳ መጣ፣ ባትሪው ሞላ። ወላጆች አህዮቻቸውን አጥሩ ላይ እያሰሩ፣ አንዳንዱም ዶሮውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ገቡ። አባዬ «እኔን ካዩ ጠረጴዛውን አያዩትም» ብለው ውጭ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

ቁልፉን ተጫንሁ።

«‹መ›ን አምጡልኝ!»

ብድግ አሉ። እጃቸውን አጣመሩ። ርዕሰ መምህሩ ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ ደሳለኝ ተፈተለከ፣ ተከተሉት፣ ግጭት ሆነ፣ እንጨቱ ተበተነ። ደሳለኝ አንዱን አፈፍ አድርጎ ክቡ ላይ አኖረ። «ቆዩ፣ እንደገና እዩ» አለው ጠረጴዛው። አላፈረም፣ ተመልሶ ሮጠ። ከልጆቹ እግር ሥር ተንፏቃ የወጣችው ሐያት ነበረች፣ «መ»ን በሁለት እጇ ይዛ። ክቡ ላይ አኖረቻት።

«እሰይ፣ ተባረኩ!»

ማንም ከ«ሀ» አልጀመረም። ማንም አልዘመረም! ሰባቱንም አመጡ፤ «ተ» ላይ ሁለቴ ተሳሳቱ፣ ሁለቴ ተመለሱ። ዶሮ የያዙት እናት ጣራውን ቀና ብለው «ኧረ የኔታ ከየት ነው የሚጣሩት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ርዕሰ መምህሩ ዴስኮቹን ሌላ ክፍል እንደሚያስገቧቸው ነገሩኝ።

ሁሉም ሲሄድ አባዬ ገቡ። ከልጆቹ መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጭ አሉና እንጨቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ሰባት ብቻ ናቸው?»

«ለጊዜው አባዬ።»

«የቀሩትን ማን ሊጠራቸው ነው? ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንገባ?»

አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። «ሁለት ሰዓት» አልኋቸው።

ርዕሰ መምህሩን አላስፈቀድሁም፣ ምን ብዬ እንደማስፈቅድም ገና አላውቅም። ጥምጥማቸውን ግን ለሰኞ እንዳጥብላቸው ሰጥተውኝ አጥቤ አስጥቼዋለሁ።